አንዲት ዶቃ የምትከለከልበት ወንዝ፦ የኖርዝ አምፕኳ የማጥመጃ ሕግ

በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ሮዝበርግ የምትባል ከተማ አለች። ከእሷ ተነስታችሁ በአውራ ጎዳና 138 ወደ ምሥራቅ ስትነዱ ብዙውን መንገድ ወንዙ ከጎናችሁ ነው። ስሙ ኖርዝ አምፕኳ ነው። መጀመሪያ ላይ እንደማንኛውም ወንዝ ነው። ሮክ ክሪክ የሚባለው ገባር የሚቀላቀልበት ቦታ ስትደርሱ ግን ሕጉ ይለወጣል። ከዚያ ጀምሮ ወደ ላይ እስከ ሶዳ ስፕሪንግስ ግድብ ድረስ፣ 31 ማይል ያህል፣ ዓሣ የሚጠመደው በፍላይ፣ ማለትም ላባና ክር በተጠቀለለባት ቀላል መንጠቆ፣ ብቻ ነው። ትል የለም። የሳልሞን እንቁላል የለም። የሚሽከረከር ብረት የለም።

በእነሱ በጋ ደግሞ ሕጉ ይበልጥ ይጠብቃል። ከጁላይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30፣ በእኛ ከሰኔ 24 እስከ መስከረም 20 መሆኑ ነው፣ አንድ አጥማጅ ክሩ ጫፍ ላይ ማሰር የሚችለው አንዲት ፍላይ ብቻ ነው። ባለ አንድ ጫፍ፣ እሾህ የሌላት፣ ክብደት ያልተጨመረባት። ከምስር ፍሬ የማትበልጥ የብረት ዶቃ መንጠቆዋ አንገት ላይ ከተገኘች ሕግ ተጥሷል።

አንዲት ዶቃ! መጀመሪያ ለሰማው ሰው ቢሮ ውስጥ የተፈጠረ ነገር ይመስላል። ወንዙን ላወቀ ሰው ግን ከዚህ የበለጠ በቦታው ልክ የተሰፋ ሕግ ማግኘት ይከብዳል። በፍላይ ብቻ የሚጠመድባቸው ውሃዎች በአሜሪካ ብዙ ናቸው። ይህን የመረጥኩት የሕጉ ምክንያት ውሃው ውስጥ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ነው።

ጅራፍ ያጮኸ ሰው ይገባዋል

ለማያውቀው ነገሩን ከሥሩ ልንገር። በተለመደው ማጥመጃ ክብደቱ ያለው ጫፉ ላይ ነው። እርሳሱ ወይም ብረቱ ይወረወራል፤ ቀጭኑ ናይለን እየተከተለው ይወጣል። ድንጋይ በክር አስሮ እንደመወርወር ማለት ነው።

በፍላይ ተቃራኒው ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ላባ፣ ፀጉርና ክር የተጠቀለለባት መንጠቆ ናት። መዳፍህ ላይ አስቀምጠህ እፍ ብትላት ትሄዳለች። ድንጋይ እንደመወርወር ልወርውራት ብትል እግርህ ሥር ትወድቃለች። የሚወረወረው ወፍራሙ ገመድ ነው። ለእንደዚህ ዓይነት ወንዝ ብዙ ሰው ቁጥር 8 የሚባለውን ገመድ ይይዛል። የዚህ ገመድ የመጀመሪያው 9 ሜትር ገደማ 13.6 ግራም ይመዝናል። ዘንጉ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ገመዱ አየር ላይ ይዘረጋል፣ ከዚያ ወደ ፊት ይላካል። ፍላይዋ ዝም ብላ ትከተላለች። ለቡሄ ጅራፍ ገምዶ ያጮኸ ልጅ ይህን ለማንም ማስረዳት ይችላል። የጅራፉን ጫፍ የሚያስኬደው የገመዱ ክብደት ነው።

የሜይን ግዛት ሕግ ፍላይ ማጥመድን ሲተረጉም ይህችኑ ነጥብ ነው የሚይዘው፦ ፍላይዋን የሚያስኬዳት የገመዱ ክብደት መሆን አለበት። ጥሩ ትርጉም ነው እላለሁ። የዕቃ ስም ከመዘርዘር ይልቅ የሥራውን ጠባይ ይይዛል።

ዓሣው የትም አይሄድም

የኖርዝ አምፕኳ ዝና ስቲልሄድ ነው። ስቲልሄድ ማለት ባሕር ደርሶ የሚመለስ ሬይንቦ ትራውት ነው። በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ የሚገኘው ሬይንቦ ትራውት ከዚህ ጋር አንድ ዝርያ ነው። የባሌው በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ባሕር አያውቅም እንጂ ደሙ ያው ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ስቲልሄድ ወንዝ ውስጥ ይፈለፈላል። ሁለት ሦስት ዓመት እዚያው ያድጋል። ከዚያ ፓስፊክ ውቅያኖስ ይወርዳል። ባሕር ላይ ሰብቶ፣ እንደ ብር አብረቅርቆ፣ ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። የፓስፊክ ሳልሞን እንቁላሉን ከጣለ በኋላ ይሞታል። ስቲልሄድ ግን ከቀናው እንደገና ባሕር ወርዶ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ዓሣ በሕይወት መለቀቁ ለወንዙ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የበጋው ስቲልሄድ ወንዙ ውስጥ የሚገባው ከሜይ ወር ጀምሮ ነው። እንቁላሉን የሚጥለው ግን የእነሱ ክረምት ገብቶ፣ እስከ ፀደይ ባለው ጊዜ ነው። በመካከሉ ያሉትን ወራት የሚያሳልፈው ወንዙ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ምግብ እምብዛም አይፈልግም። ከባሕር ያመጣውን ስብ እየቆጠበ ይጠብቃል። የሚፈልገው ቀዝቃዛ፣ ጥልቅና ጥላ ያለበት ውሃ ነው። በጋው ሲከር፣ ውሃው ሲጎድልና ሲሞቅ፣ እንዲህ ዓይነት ቦታ ይጠባል። ዓሦቹም እዚያ ይታጨቃሉ።

አጥማጅ ሆናችሁ አስቡት። ዓሣው የት እንዳለ ይታወቃል። ዛሬም እዚያው ነው። ነገም እዚያው ነው። ከነገ ወዲያም። ዛሬ የሳተው ሰው ነገ ተመልሶ ይሞክራል፤ ዓሣው ግን መሄጃ የለውም። ውሃው ብርጭቆ ስለሆነ ከመንገዱ ዳር ቆሞ በመነጽር ማየት የሚቻልበት ቀን ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የአጥማጁ መሣሪያ በጣም ውጤታማ ከሆነ የወንዙ ዕጣ በጥቂት ሰዎች እጅ ወደቀ ማለት ነው። ስለ ዶቃዋ የሚባለው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

1932 እና 1952

በዚህ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው ትልቅ እርምጃ የመሣሪያ ሕግ አልነበረም። ሙሉ በሙሉ መዝጋት ነበር። ስቲምቦት ክሪክ የሚባለው ገባር የበጋው ስቲልሄድ ዋና መራቢያ ነው። በ1932 ለማጥመድ ተዘጋ። እስከ ዛሬም አልተከፈተም። ማሳደጊያው ይዘጋ፣ ዋናው ወንዝ ይጠመድበት ማለት ነው። በዚያን ዘመን እንዲህ አርቀው ማሰባቸው ይገርመኛል።

በ1930ዎቹ ስለ ምዕራብ አሜሪካ ከብት ነጂዎች በጻፋቸው ልብ ወለዶች የታወቀው ደራሲ ዜን ግሬይ እዚህ ወንዝ ዳር እየሰፈረ ያጠምድ ነበር። በ1937 ስትሮክ የመታውም እዚሁ ሳለ ነው። የእሱ ስምና የሌሎች ጥቂት ባለ ካምፖች ወሬ ወንዙን በአጥማጆች ዘንድ አሳወቀው።

ቀጥሎ የመጣው ግንባታ ነው። ከ1947 እስከ 1956 ባለው ጊዜ በላይኛው ኖርዝ አምፕኳ ስምንት ግድቦች ተሠሩ። በግንባታው ዓመታት ብርጭቆ የነበረው ውሃ ደፈረሰ። ከሁሉም በታች ያለው፣ ለአጥማጁ ክልል ቅርብ የሆነው የሶዳ ስፕሪንግስ ግድብ፣ በ1952 አለቀ። ዓሣ የሚወጣበት ደረጃ አልተሠራለትም። ከግድቡ በላይ ያለው መራቢያ ተቆረጠ። ደረጃው የተሠራው በ2012 ነው። 60 ዓመት ሙሉ!

እንግዲህ በፍላይ ብቻ የሚለው ሕግ የወጣው በዚያው በ1952 ነው። ግድቡ ያለቀበት ዓመት። አንዱ እጅ ሲወስድ ሌላው እጅ የቀረውን ለመያዝ ሞከረ ማለት ይቻላል።

ፍራንክ ሙርን ሳያነሱ ስለዚህ ወንዝ መጻፍ አይቻልም። በ1923 ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኖርማንዲ ላይ ከወረዱት ወታደሮች አንዱ ነበሩ። ከጦርነቱ ተመልሰው በ1957 ከባለቤታቸው ከጂን ጋር በወንዙ ዳር ስቲምቦት ኢን የሚባለውን ማረፊያ ከፈቱ። ጫካው እስከ ጅረቱ አፍ ሲቆረጥ፣ ጥላ ያጣው ውሃ ሲሞቅ ዝም አላሉም። ባለሥልጣን እየጠሩ አሳዩ፣ ተከራከሩ። በ2019 በስቲምቦት ክሪክ ዙሪያ ወደ 40 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ የመንግሥት ደን በስማቸው ለስቲልሄድ ጥበቃ ተከለለ። በ2022 መጀመሪያ በ98 ዓመታቸው አረፉ።

ቃሉ ያላየው ቀዳዳ

በ1952 ፍላይ ብቻ ሲባል ሁሉም የሚያስበው አንድ ነገር ነበር። አጥማጁ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ይቆማል። ገመዱን ወደ ማዶ አስጠግቶ፣ ትንሽ ወደ ታች አዘንብሎ ይጥለዋል። ወራጁ ገመዱን ይገፋዋል። ፍላይዋ ከውሃው ገጽ ብዙም ሳትርቅ እንደ ግማሽ ክብ እየዞረች ወደ አጥማጁ ዳር ትመጣለች። አጥማጁ አንድ እርምጃ ወደ ታች ይወርድና ይደግማል። እንዲህ እያለ ጥልቁን ቦታ ከላይ እስከ ታች ይጨርሳል። ከኋላው ሌላ ሰው ይገባል። አንድ ቦታ ተተክሎ መዋል ነውር ነው።

በዚህ አጠማመድ ዓሣው ነው የሚወስነው። ከሥር ተኝቶ እያለ ከላዩ የምታልፈውን ነገር ያያታል። ከፈለገ ይነሳል። አብዛኛውን ጊዜ አይነሳም። ጥሩ አጥማጅ ቀኑን ሙሉ ወርውሮ ባዶ እጁን የሚመለስበት ቀን ብዙ ነው።

ከዚያ ሌላ አጠማመድ መጣ። ኒምፍ የምትባል የውሃ ነፍሳት እጭ የምትመስል ፍላይ ተያዘች። አንገቷ ላይ የነሐስ ወይም የተንግስተን ዶቃ ገባላት፣ ገላዋ በእርሳስ ሽቦ ተጠቀለለ። ከላይ ደግሞ ትንሽ ተንሳፋፊ ታሰረ። ተንሳፋፊው ፍላይዋን ከወንዙ ወለል ትንሽ ከፍ አድርጎ ይዟት ይሄዳል። ዶቃዋ ታሰምጣታለች። ተንሳፋፊው ብቅ ጥልቅ ሲል አጥማጁ ይስባል።

በስሙ ይህም ፍላይ ነው። ዘንጉ የፍላይ ነው፣ ገመዱም የፍላይ ነው፣ ጫፏም ላባና ክር ነው። ሥራው ግን ፍጹም ሌላ ነው። ዓሣው ወደ ፍላይዋ መምጣቱ ይቀርና ፍላይዋ ዓሣው አፍ ድረስ ትሄዳለች። አንዴ ብቻ አይደለም። አንድ ቦታ የቆመ ሰው ያንኑ ዓሣ አፍንጫ ሥር ሃምሳ ጊዜ ሊያሳልፍ ይችላል። ዓሦቹ በታጨቁበት ጠባብ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ብዙ ውሃ ላይ በብረት ማጥመጃ ከሚያጠምደው ሰው ይልቅ ይህኛው ብዙ ዓሣ ይነካል።

በበጋ ፍላይዋ አንዲት ትሁን፣ ክብደት አይኑራት የሚለው ሕግ የገባው ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው። ማስመጫ ከሌለ ተንሳፋፊው የሚያንጠለጥለው የለም። እምብርቱ ብረት የሆነ ገመድም አይፈቀድም፤ ክብደቱን ከፍላይዋ አንስቶ ገመዱ ውስጥ መደበቅ ነውና። ሕጉ ዶቃዋን ብቻዋን ሲከለክል ዓሣው የመምረጥ ዕድሉን እንዲያገኝ አደረገ። እኔ እንደማየው የዚህ ሕግ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው። የ1952ቱ ሕግ የዕቃ ስም ጠራ። የኋለኛው የዕቃውን ሥራ ጠራ።

ሌሎችም በዚሁ ነገር ላይ ታግለዋል። ዋሽንግተን ግዛት በፍላይ ብቻ በሚጠመድባቸው ውሃዎች ለተለመደው ማጥመጃ የሚያገለግለውን፣ ስፒኒንግ የሚባለውን የክር መጠቅለያ ይከለክላል፤ ክር ላይ ክብደት ማሰርም አይቻልም። ፔንሲልቬንያ ከገመዱ ጫፍ የሚታሰረው ናይለን ከ18 ጫማ እንዳይበልጥ የሚል ቁጥር በሕጉ አስገብቶ ነበር፤ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ማለት ነው። በዓለም አቀፍ ውድድሮች ላይ ደግሞ ይህ ናይለን ከዘንጉ ርዝመት እጥፍ መብለጥ የለበትም። ለምን ናይለኑ ተለካ? ናይለኑ በጣም ከረዘመና ፍላይዋ ከከበደች ወፍራሙ ገመድ ከመጠቅለያው ሳይወጣ ማጥመድ ስለሚቻል ነው። ያኔ የሚወረወረው ክብደቱ ሆነ። ጅራፉ ቀርቶ ድንጋይና ክር ተመለሰ ማለት ነው።

ቃል አመራረጥ ግን በሌላም በኩል ይነካል። ከጃፓን የመጣ ቴንካራ የሚባል አጠማመድ አለ። ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ የታሰረ ክር፣ አንዲት ፍላይ። መጠቅለያ የለውም። ከዚህ የቀለለ፣ ከዚህ የደከመ መሣሪያ የለም። የፍላይ መጠቅለያ ግዴታ ነው የሚል ሕግ ያለበት ቦታ ግን ይህ ምስኪን ዘንግ ሕገ ወጥ ይሆናል። ዕቃ እየጠሩ ሕግ መጻፍ እንዲህ ያደርጋል።

ሸሚዝ ላይ የምትፈተን መንጠቆ

ስለ እሾሁም ልናገር። መንጠቆ ጫፉ አካባቢ ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ እሾህ አላት። ሥራዋ የገባው እንዳይወጣ ማድረግ ነው። እዚህ ወንዝ ላይ እሾህ አይፈቀድም። አዲስ መንጠቆ መግዛት ግን ግድ አይደለም። በትንሽ ፒንሳ እሾሁን ጫን ማድረግ ነው። ጥርስ ስትሰበር የምታሰማው ዓይነት ቀጭን ድምፅ ታሰማለች።

በደንብ መተኛቷን ማወቂያው ቀላል ነው። መንጠቆዋን ሸሚዛችሁ ጫፍ ላይ ወግታችሁ መልሳችሁ ሳቡ። ሳትይዝ ከወጣች ጥሩ ነው። ክር ይዛ ከመጣች እሾሁ ቀርቷል፤ እንደገና መጫን ነው። በኦሪገን ይህን ሕግ የሚያስከብረው የግዛቱ ፖሊስ የዓሣና የዱር እንስሳት ክፍል ነው። ቀላል የጨርቅ ፈተና ስለሆነ ክርክር አያስነሳም። መስክ ላይ በአንድ ደቂቃ የሚረጋገጥ ሕግ ግማሽ ሥራው አልቋል።

ጥቅሟ የሚታየው ዓሣው ሲመጣ ነው። የበጋው የዱር ስቲልሄድ መለቀቅ አለበት። የዱር መሆኑ የሚለየው ጀርባው ላይ ወደ ጅራቱ ባለችው ትንሽ ወፍራም ክንፍ ነው። ማራቢያ ጣቢያ ያደገ ከሆነ ይህች ክንፍ በጫጩትነቱ ተቆርጣለች። ክንፏ ካለች እጅህን ውሃ ውስጥ ትከታለህ፣ መንጠቆዋን በሁለት ጣት ይዘህ ወደ መጣችበት ትገፋታለህ። እሾህ ከሌላት ወዲያው ትወጣለች። ዓሣው ከውሃ ሳይወጣ ጭራውን መትቶ ይሄዳል። እሾህ ካላት መታገል፣ ማገላበጥ፣ መጭመቅ ይመጣል። ውሃው ሞቅ ባለበት ቀን ያች ትርፍ ደቂቃ ሕይወት ናት።

ትል ላይ የመጣው ክልከላም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ዓሣ ትልን ይውጣል። መንጠቆው ጉሮሮ ወይም ጨጓራ ድረስ ይገባል። ያን ዓሣ መልቀቅ ለስሙ ነው። ፍላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከንፈር ላይ ነው የምትይዘው።

የሮዝበርግ ሰው ቅሬታ

እዚህ ላይ ቅሬታውን መናገር አለብኝ። እውነት አለበትና። ወንዙ የሕዝብ ነው። ከአባቱ ጋር በትልና በእንቁላል ሲያጠምድ ያደገ የእንጨት ፋብሪካ ሠራተኛ አለ። ድንገት ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ውድ ዘንግ የያዘ ሰው የሚያጠምድበት ቦታ ለእሱ ተከለከለ። የሰባት ዓመት ልጁ የፍላይ ገመድ መወርወር አይችልም። በዊልቸር ያለ ሰው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ አይገባም። ለእነዚህ ሰዎች ፍላይ ብቻ የሚለው ምልክት የሀብታም አጥር ነው የሚመስለው። ቅሬታው ሲነሳ ባለ ፍላዮች በንቀት ሲመልሱ ማየት በጣም ያናድዳል። ነገሩን ያበላሹት በዚህ ነው። የእኛ አጠማመድ ይከበራል፣ የእናንተ ያሳፍራል ያሉ ቀን ስለ ዓሣው የነበረው ክርክር ስለ ክብር ሆነ።

እኔ ግን ሕጉን እደግፋለሁ። የወንዙ ርዝመት ከመቶ ማይል በላይ ነው። የተከለለው 31 ነው። ከሮክ ክሪክ በታች ሌላ መሣሪያ የያዘ ሰው ቦታ አለው። ሕጉ ሰውየውን አልከለከለም፤ ዓሦቹ የትም መሸሽ በማይችሉበት ክፍል ላይ የሁሉንም እጅ እኩል አደከመ። ዶቃዋ የተከለከለችውም ለባለ ውዱ ዘንግ ነው። ባለ ትሉማ ድሮውኑ ዶቃ የለውም። ሕጉ ለሀብታም የተሠራ ቢሆን ኖሮ ሀብታሙ በጣም የሚወደውን መሣሪያ ባልነጠቀው ነበር።

ጫፏ የተቆረጠች መንጠቆ

ከስቲምቦት ክሪክ ሽቅብ ስትወጡ ቢግ ቤንድ የሚባል ጥልቅ ቦታ አለ። በበጋ የስቲምቦት ውሃ ይሞቃል። ቢግ ቤንድ ላይ ግን ቀዝቃዛ ጅረት ይገባል። ስለዚህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስቲልሄዶች በዚያች አንዲት ቦታ ተሰብስበው በጋውን ይጠብቃሉ። ከላይ ሆኖ ሲያዩት የወንዙ ወለል የሚንቀሳቀስ ይመስላል።

የድሮ ስሙ የዲናሚት ጉድጓድ ነበር። ሌቦች ፈንጂ ወርውረው ዓሣውን በጆንያ ይሰበስቡ ስለነበር ነው። ማጥመድ በ1932 ቢዘጋም ሌባ ሕግ አያነብም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ግን አንድ አርኪዮሎጂስት ከውሻው ጋር በዚያ ሰፈረ። በጎ ፈቃደኛ ጠባቂ ሆኖ ከፀደይ እስከ ዝናቡ ድረስ በየዓመቱ ተቀመጠ። ዓሣ ሲዘል፣ ኦተር የሚባለው ዓሣ በሊታ የውሃ እንስሳ ሲመጣ፣ ውሃው ሲሞቅ ሁሉን በማስታወሻ ጻፈ። ሰው በመኖሩ ብቻ ስርቆቱ ቆመ።

ይህ ሰው ራሱ ጎበዝ የፍላይ አጥማጅ ነበር። ዓሦቹን ዓመት ሙሉ ሲያይ ከርሞ መውጋት አስጠላው። ስለዚህ የፍላዮቹን መንጠቆ ጫፍ ቆረጠ። ወንዙ ላይ ወጥቶ ይወረውራል። ዓሣው ይነሳል፣ ፍላይዋን ይይዛል፣ ዘንጉ ይጎብጣል፣ ከዚያ ይተፋታል። አበቃ። ያቺን መነሳት ለማየት ነው የሚሄደው። ማንም ሕግ አላስገደደውም። ሁሉም ሰው እንዲህ ያድርግ አልልም። ግን የመሣሪያ ሕግ መጨረሻው የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ያሳያል፦ እሾሁ ወጣ፣ ክብደቱ ወጣ፣ በመጨረሻም ጫፏ ራሷ ወጣች። ዓሣው አሁንም ተነሳ።

ሕጉ የማይደርስበት

በሴፕቴምበር 2020 አርቺ ክሪክ የተባለው ሰደድ እሳት በዚህ ሸለቆ ገባ። ከ53 ሺህ ሄክታር በላይ አቃጠለ። ለውሃው ጥላ የነበሩት ትልልቅ ዛፎች ከሰል ሆኑ። የሮክ ክሪክ የዓሣ ማራቢያ ጣቢያም ወደመ። ወንዙ በዚያው አላረፈም። በቀጣዩ ጁን ሰሜን ምዕራብ አሜሪካን የማይረሳ ሙቀት መታው፤ ፖርትላንድ ከ46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አለፈች። ስቲልሄድ ውሃው ወደ 20 ዲግሪ ሲጠጋ መጨነቅ የሚጀምር ዓሣ ነው።

በ2021 በጋ ወደ ወንዙ የተመለሰው ስቲልሄድ እጅግ ጥቂት ሆነ። በወንዙ ታችኛው ክፍል ባለው ዊንቸስተር ግድብ ላይ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የሚያልፈው ዓሣ ይቆጠራል። ስለዚህ መውረዱ የግምት ወሬ አልነበረም። የግዛቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በኦገስት የስቲልሄድ ማጥመዱን ዘጋ። ፍላይም ይሁን ሌላ፣ እሾህ ይኑራት አይኑራት፣ ሁሉም ቆመ። ለ70 ዓመት ያህል በመሣሪያ ሕግ ሲጠበቅ የኖረ ውሃ በመጨረሻ በመዝጋት ተጠበቀ። የ1932ቱ መድኃኒት ተመልሶ መጣ።

በኤፕሪል 2022 ደግሞ የግዛቱ ኮሚሽን የማራቢያ ጣቢያ የበጋ ስቲልሄድ ወንዙ ውስጥ መልቀቅ እንዲቆም 4 ለ 3 በሆነ ድምፅ ወሰነ። ከጣቢያ የመጣው ከዱሩ ጋር ሲራባ የዱሩን ያዳክማል የሚለው ነበር ምክንያቱ። ቤቱ ወስዶ የሚበላው ዓሣ የሚያገኘው ከጣቢያው ብቻ የሆነ ሰው ተቆጣ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። አንድ ድምፅ ልዩነት! ስለ ዶቃና ስለ እሾህ የተጣሉት ሰዎች አሁን ዓሣው ራሱ የማን ነው በሚለው ተጣሉ።

የመሣሪያ ሕግ ውሃ አያቀዘቅዝም። የተቃጠለ ዛፍ አይተክልም። ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር ነው። ተጨንቆ በጥግ የተሰበሰበውን ዓሣ፣ ሰው ደግሞ በበኩሉ እንዳይጨርሰው ያደርጋል። ይህን ደግሞ በኖርዝ አምፕኳ በጋ ላይ በሚገባ ያደርጋል።

ወደዚያ ለመሄድ ያሰበ የሲያትል ወይም የፖርትላንድ ሰው ካለ የዚያን ዓመት የሕግ መጽሐፍ ከመሥሪያ ቤቱ አግኝቶ ያንብብ፤ በወቅቱ የሚወጣውን የመዝጊያ ማስታወቂያም ይመልከት። ካለፈው ዓመት የቀረ ወሬ ይዞ መሄድ ቅጣት ያመጣል። ሳጥኑን ደግሞ ቤቱ ሳለ ይፈትሽ። ዶቃ ያለባቸውን በአንድ በኩል ለይቶ ያስቀምጥ። አይጣላቸው። በኦክቶበር ዝናቡ ይጀምራል። ወንዙ ይሞላል፣ ይቀዘቅዛል። ዓሦቹ ከጠባቡ ጥግ ወጥተው በሰፊው ይበተናሉ። ከኦክቶበር 1 ጠዋት ጀምሮ ዶቃዋ ትፈቀዳለች።